ለዓሣ ገንዳ ድንጋይ የትኛው ኮላ ይሻላል?

ጥያቄው የመጣው ከሰበታ ነው። ጠያቂዋ 200 ሊትር የሚይዝ የመስታወት ገንዳ አሠርታለች። ከኮብልስቶን ሥራ የተረፈ ጥቁር ድንጋይ ግቢዋ ውስጥ አለ። ከዱከም በኩል ደግሞ ቀዳዳ የበዛበት ቀይ ድንጋይ አምጥታለች። ከሁለቱ ዋሻ ያለው ተራራ መሥራት ፈልጋ ሦስት የሕንፃ ዕቃ መሸጫ ጠየቀች፤ አንዱ ማስቲሽ፣ አንዱ የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን፣ አንዱ ሲሚንቶ አላት። «ዓሦቼን ሳልገድል የቱን ልጠቀም?» ትላለች።

እህቴ፣ ቀድመሽ በመጠየቅሽ በጣም ደስ ብሎኛል። እኔ ጋ የሚመጣው አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ዓሦቹ ከተንሳፈፉ በኋላ ነው። እኔ ቡራዩ ላይ መስታወት እየቆረጥኩ የዓሣ ገንዳ እሠራለሁ፣ ቤቴም ውስጥ ዓሣ አለኝ። ስለዚህ የምነግርሽን ሁሉ በእጄ የሞከርኩት ወይም ከፍዬ የተማርኩት ነው።

አጭሩን መልስ ልስጥሽ። ንጹሕ 100% ሲሊኮን፣ ማለትም ምንም የሻጋታ መድኃኒት ያልገባበት፣ ለአንቺ ሥራ ዋናው ኮላ እሱ ነው። ለትንንሽ ቦታ ሱፐር ግሉ ጨምሪበት። ማስቲሹን እርሺው። ሲሚንቶው ይቻላል ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ረጅሙ።

ሰው ስለ ኮላ ሲያስብ «መርዛም ነው፣ መርዛም አይደለም» ብሎ ለሁለት ይከፍለዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። አብዛኛው ኮላ እስኪጠነክር ድረስ ዓሣ ይጎዳል፣ ከጠነከረ በኋላ ግን ብዙው ዝም ይላል። ስለዚህ ሁለት ነገር ነው የምትጠይቂው። አንደኛ፣ ሲጠነክር ከውስጡ የሚወጣው ምንድን ነው፣ ወጥቶስ ያልቃል ወይ? ሁለተኛ፣ ፋብሪካው ሆን ብሎ የጨመረበት፣ ከጠነከረም በኋላ ቀስ እያለ እንዲወጣ የተደረገ ነገር አለ ወይ? የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን የሚወድቀው በዚህ በሁለተኛው ነው። ሻጋታ እንዳይዘው ተብሎ ፀረ ፈንገስ ተጨምሮበታል፣ ሥራውም በእርጥበት ውስጥ ቀስ እያለ መውጣት ነው። ለሻወር ጥግ ጥሩ ነው። ዓሣ ግን ያንኑ ውሃ ቀንና ሌሊት በስንጥቡ እያሳለፈ ይኖራል።

ይህንን ያወቅኩት በራሴ ገንዳ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሱቅ ገብቼ ሲሊኮን ስጠይቅ ሻጩ «ሲሊኮን ያው ሲሊኮን ነው» ብሎ ነጭ ቱቦ ሰጠኝ። እኔም ቸኩዬ ነበርና ጽሑፉን አላነበብኩም። ድንጋዮቹን አጣብቄ ሦስት ቀን አቆይቼ 11 ወርቃማ ዓሦች አስገባሁ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሁሉም ውሃው አናት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ውሃ ቀየርኩ፣ አየር መንፊያ ጨመርኩ። እስከ ማታ የቀሩት ሁለት ነበሩ። ባዶውን ቱቦ ከቆሻሻ ውስጥ አውጥቼ ሳነብ «ሳኒተሪ» እና «አንቲ ፈንገስ» ይላል። ልጄ ለእያንዳንዳቸው ስም አውጥታላቸው ነበር። ያን ቀን ያልኳት ነገር እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፣ ምክንያቱም «ታመው ነው» ነው ያልኳት።

ስለዚህ ቱቦውን ገልብጠሽ አንብቢ። «ሳኒተሪ»፣ «አንቲ ሞልድ»፣ «አንቲ ፈንገስ»፣ «ኪችን ኤንድ ባዝ» የሚል ካየሽ መልሺው። «አክሪሊክ» የሚለውንም መልሺው፤ እሱ ሲሊኮን አይደለም፣ ግድግዳ ላይ ቀለም የሚቀባበት መሙያ ነው፣ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይላላል። የምትፈልጊው «100% ሲሊኮን» የሚል፣ ከተገኘ ደግሞ «ለአኳሪየም» ተብሎ በግልጽ የተጻፈበት ነው። የመስታወት ሠራተኞች ጋ ብትጠይቂ ከሕንፃ ዕቃ ሱቁ ይልቅ ቶሎ ታገኚዋለሽ፣ ምክንያቱም እኛ ገንዳውን ራሱን የምንይዘው በእሱ ነው።

ሽታውም ይነግርሻል። አንዱ ዓይነት ሲወጣ አቸቶ አቸቶ ይሸታል። አትደንግጪ፤ ሲጠነክር የሚለቀው አሴቲክ አሲድ ነው፣ አቸቶ ውስጥ ያለው ያው አሲድ። ሽታው ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው። ሌላው «ኒውትራል» የሚባለው ነው፣ እሱ አቸቶ አይሸትም። ከእሱ የሚወጣው እንደ ዓይነቱ ይለያያል፤ ከአንዳንዱ አልኮል፣ ከአንዳንዱ ኦክሲም የሚባል ነገር ይወጣል። እኔ ለዓሣ አቸቶ የሚሸተውን እመርጣለሁ፣ የወጣውንና ያልወጣውን በአፍንጫዬ ስለማውቅ። አንድ ነገር ግን ልብ በዪ፤ አቸቶ የሚሸተው ሲሊኮን የኖራ ድንጋይና ሲሚንቶ ላይ በደንብ አይይዝም፣ አሲዱ የድንጋዩን ፊት ይበላዋል። ከኮብልስቶኖችሽ ውስጥ ሲሚንቶ የተለጠፈበት ካለ ፈንቅለሽ አንሺ፣ ካልሆነም ያንን ፊት ወደ ውጭ አዙሪው።

ወደ ጊዜው ልምጣ፣ እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው። ሲሊኮን ቀለም እንደሚደርቀው አይደርቅም። የሚጠነክረው ከአየሩ እርጥበት እየወሰደ ከውጭ ወደ ውስጥ ነው። ቆዳው በ20 ደቂቃ ይይዛል፣ ስትነኪው ደረቅ ነው፣ ውስጡ ግን ገና ሊጥ ነው። በሙቅና እርጥበት ባለው ክፍል በቀን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይገባል። አንቺ ሁለት ድንጋይ መሃል የአውራ ጣት ያህል ከጨመርሽ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አስቢው። የእኛ አገር አየር ደግሞ አያግዝም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ቀኑ ደረቅ ነው፣ ሲሊኮን የሚወደው የዚህን ተቃራኒ ነው። በበጋ ስሠራ ድንጋዩን ቤት ውስጥ አስቀምጬ ጎኑ ሰፊ ሳፋ ውሃ አኖራለሁ። በክረምት ያ አያስፈልግም፣ አየሩ ራሱ ይበቃል። ትንሹ ጊዜ አንድ ሳምንት ነው። በበጋ ሁለት ሳምንት ስጪው። አፍንጫሽን አስጠግተሽ አቸቶ ከሸተተሽ አልበቃም፣ ቀኑን አትቁጠሪ።

ቱቦው ላይ ያለውን የማብቂያ ቀንም እዪ። ፀሐይ ሲመታው የከረመ፣ ጊዜው ያለፈ ሲሊኮን ጭራሽ ላይጠነክር ይችላል፣ እንደ ማስቲካ ሆኖ ይቀራል። ከመጀመርሽ በፊት ወረቀት ላይ አንድ መስመር ጨምቂ። በማግስቱ ላስቲክ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ካጣበቀሽ ቱቦውን ጣዪው።

አሁን ደግሞ ከኮላው የሚበልጠው ነገር፣ ድንጋዩ። እህቴ፣ ኮላ ድንጋይ አይሸከምም። ድንጋይን የሚሸከመው ድንጋይ ነው። 10 ሴንቲ በ10 በ10 የሆነ አንድ ጥቁር ኮብልስቶን ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል። ውሃ ውስጥ ሲገባ አንድ ኪሎ ያህል ይቀልለዋል፣ ሁለቱ ግን እዚያው ነው፣ መስታወትሽም እዚያው ነው። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ያለ ምንም ኮላ መሬት ላይ እደረድራለሁ፣ እያዞርኩ የሚቀመጥበትን ፊት እፈልጋለሁ፣ እያንዳንዱ ድንጋይ ቢያንስ በሦስት ነጥብ ካልተቀመጠ አውጥቼ ሌላ እተካለሁ፣ ከዚያ በእጄ ገፋ ገፋ አደርገዋለሁ፣ ከወደቀ መሬት ላይ ነውና ምንም አይደለም። ያለ ኮላ መቆም ሲችል ብቻ ነው ሲሊኮኑን የማነሣው። ኮላው ዓሣ ሲቆፍር፣ ልጅ ገንዳውን ሲገፋ፣ አንቺ ስታጸጂ እንዳይንሸራተት የሚጠብቅ ዘበኛ ነው።

የላክሽልኝን የድንጋዮችሽን ፎቶ ሳይ ሁለቱ ሾጣጣ ናቸው። እነሱን ከታች አታድርጊ። ሾጣጣ ጫፍ መስታወት ላይ ሲቆም ክብደቱ ሁሉ አንዲት ነጥብ ላይ ነው። ጠፍጣፋውን ከታች፣ ከሥሩ ደግሞ ቀጭን የፕላስቲክ ወይም የስፖንጅ ምንጣፍ። አሸዋውን ከድንጋዩ በኋላ ጨምሪ። ቀድመሽ አሸዋ ብታፈሺና ድንጋዩን ከላይ ብታስቀምጪው፣ ቆፋሪ ዓሣ ከሥሩ እየጎተተ ያወጣዋል፣ የአፍሪካ ሲክሊዶች በተለይ። አንድ ሌሊት ገደል ሆኖ ታገኚዋለሽ።

ድንጋይሽ ደህና መሆኑንም እንይ። ጥቁሩ ባዛልት ነው፣ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ለዓሣ ከዚህ የተሻለ ድንጋይ አላውቅም። ቀዩም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ ሬድ አሽ የምንለው፣ ከዱከም እስከ ቢሾፍቱ በየኮረብታው የሚቆፈረው። እሱም ጥሩ ነው፣ ቀላል ነው፣ ቀዳዳው ውሃ የሚያጣሩ ባክቴሪያዎች የሚኖሩበት ቤት ይሆናል። ግን ጠርዙ ስለታም ስለሆነ ሰፊ ክንፍ ያላቸው ዓሦች ካሉሽ በሽቦ ብሩሽ አለስልሺው። የኖራ ድንጋይ ከተቀላቀለብሽ ለማወቅ ጥቂት አቸቶ ጠብ አድርጊበት። አረፋ ካወጣ የውሃሽን ጥንካሬ፣ ማለትም ውስጡ የሟሟውን ማዕድን፣ እና ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱን መለኪያ ቁጥር (7 መሃል ነው፣ ከዚያ በታች አሲድ)፣ ይጨምራል። ከሙገር በኩል የሚመጣው ነጩ ድንጋይ እንዲህ ያደርጋል። ለማላዊ ሐይቅ ዓሦች ምንም አይልም፣ እንዲያውም ይወዱታል፤ ለስላሳ ውሃ ለሚወዱት ግን አይሆንም።

ከአቃቂ ወንዝ ዳር የተለቀመ ድንጋይ ግን በነጻም ቢሰጡሽ አትውሰጂ። ወንዙ የቆዳ ፋብሪካውንም የከተማውንም ቆሻሻ ሲሸከም የኖረ ነው፣ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ደግሞ የጠጣውን ይዞ ይቀመጣል። ኮብልስቶኑም ላይ ሬንጅ ወይም የመኪና ዘይት ካለ ተዪው። የቀረውን ያለ ሳሙና በብሩሽ እጠቢ፣ የፈላ ውሃ ከላይ አፍሺበት፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ይዋል። ድንጋዩን ድስት ውስጥ አትቀቅይ፣ እሳት ላይም አታስቀምጪ፤ ውስጡ የተዘጋ ውሃ ካለ እንፋሎት ሆኖ ሊፈነዳ ይችላል። ማድረቁ ለኮላው ነው። አቧራ ላይ የተቀባ ሲሊኮን አቧራውን ነው የሚይዘው፣ ድንጋዩን አይደለም። አብዛኛው «ሲሊኮን ድንጋይ አይዝም» የሚል ሰው ችግሩ ይህ ነው።

ቀለሙን በተመለከተ ጥቁር ሲሊኮን ከተገኘ ጥቁር ውሰጂ። ካልተገኘ ደግሞ ገና እርጥብ እያለ የቀዩን ድንጋይ ዱቄት እፍኝ አድርገሽ ተጫኚበት፣ መጋጠሚያው ይጠፋል። ይህን ሥራ በጣም እወደዋለሁ፤ ጨርሼ ስመለከተው የትኛው ጋ እንደተጣበቀ ለራሴም ይጠፋኛል።

ሱፐር ግሉ ላይ ብዙ ሰው ይፈራል። ኬሚካሉ ሳያኖአክሪሌት ይባላል፣ ሐኪሞች ቁስል የሚዘጉበት ኮላም የዚሁ ቤተሰብ ነው። እርጥበት ሲያገኝ በሰከንዶች ይጠነክራል፣ ከጠነከረ በኋላ ለዓሣ ችግር የለውም። ባሕር ውስጥ የሚኖሩ ኮራሎችን ድንጋይ ላይ የሚለጥፉት በእሱ ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ቀጭን ስለሆነ ሻካራ ድንጋይ ላይ ክፍተት አይሞላም፣ ደግሞም ደረቅና ተሰባሪ ነው፣ ሲመታ ይላቀቃል። ወፍራሙን፣ ጄል የሚባለውን ካገኘሽ ይሻላል። ካላገኘሽ በሁለቱ ድንጋይ መሃል ትንሽ ጥጥ ወትፈሽ ኮላውን ጠብ ታደርጊበታለሽ፣ ጥጡ ወዲያው ድንጋይ ይሆናል። እዚህ ላይ ግን አደራ። ሱፐር ግሉ ጥጥ ሲነካ በኃይል ይሞቃል፣ ያጨሳል። ደጅ ላይ አድርጊው፣ ፊትሽን አርቂ፣ የጥጥ ጓንት አታድርጊ፣ ልጆች አጠገብሽ አይኑሩ። እኔ በዚህ የማጣብቀው ትንንሹን ነው፣ የዋሻውን አፍ የሚያሳምሩትን ጠጠሮች፣ ወይም ሲሊኮኑ እስኪይዝ ትልቁን ድንጋይ ለጊዜው ለመያዝ። ሣር ወይም ተክል ልትለጥፊም ትችያለሽ።

ኤፖክሲስ? ሁለቱ ቱቦ የሚቀላቀለው ማለቴ ነው። ከሁሉም ጠንካራው እሱ ነው። እንደ ሊጥ በእጅ የሚለወሰው ዓይነት ውሃ ውስጥም ይጠነክራል፣ ስለዚህ ገንዳው ከሞላ በኋላ የተላቀቀ ነገር ለመጠገን ጥሩ ነው። ግን ሁለቱ እኩል ካልተመጠኑ አንዱ ክፍል ሳይጠነክር ይቀራል፣ ዓሣውን የሚጎዳው ያ የቀረው ነው። በደንብ ለውሺው፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት እስኪሆን። በጓንት ይሁን፣ ቆዳ ያስቆጣል። የብረት ዱቄት ያለበትን፣ ለሞተርና ለቧንቧ የሚሸጠውን ግራጫውን ተዪው። መዳብ ያለበት ነገር ደግሞ ጭራሽ ገንዳ አጠገብ አይድረስ፣ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕን በጣም በትንሽ መጠን ይገድላል።

ማስቲሽ የጫማ ሠሪ ኮላ ነው። ውስጡ ያለው ቶሉይን የመሰለ የሚተን ፈሳሽ ለሳንባም ለዓሣም አይሆንም፣ ውሃ ውስጥም ይላቀቃል። የእንጨት ኮላ ውሃ ሲነካው ተመልሶ ወተት ይሆናል። የእምነበረድ ማጣበቂያው፣ ያ አፍንጫ የሚበጣው፣ ስታይሪን አለበት፣ አይሆንም። የሚነፋው ፎም ሲጠነክር ብዙም አይጎዳም፣ ግን ይንሳፈፋል፣ ድንጋይሽን ይዞ ሊነሣ ይፈልጋል።

ሲሚንቶው ጋ ልመለስ፣ ምክንያቱም ሦስተኛው ሻጭ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። በሲሚንቶ የተሠራ ተራራ ያምራል፣ ድንጋይ ይመስላል፣ ለዓመታት ይቆማል። ችግሩ ኖራው ነው። አዲስ ሲሚንቶ ያለበት ውሃ ፒኤቹ 12 ሊደርስ ይችላል። ያ ብቻውን ዓሣ ይገድላል። ሌላም አለ። ዓሣ የሚያስወጣው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፣ አሞኒያ ደግሞ ፒኤች በጨመረ ቁጥር ወደ መርዛማው ዓይነት ይለወጣል። ውሃው 25 ዲግሪ ሲሆን ፒኤች 7 ላይ መርዛማው ከ1% በታች ነው፣ ፒኤች 9 ላይ ግን ከሢሶ ይበልጣል። ያው ዓሣ፣ ያው ምግብ፣ ያው ቆሻሻ፣ ሲሚንቶው ብቻ ነው የተጨመረው። ስለዚህ በሲሚንቶ ከሠራሽ በርሜል ውስጥ ነክረሽ ውሃውን በየሁለት በየሦስት ቀኑ እየቀየርሽ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ታቆዪዋለሽ። የፒኤች ወረቀት ግዢ። አዲስ ውሃ ቀድተሽ ሦስት ቀን ቆይቶ የበርሜሉ ፒኤች ከቧንቧሽ ውሃ ጋር እኩል ከሆነ ያኔ ጨረሰ። አቸቶ ያለበት ውሃ ውስጥ መንከር ያፋጥነዋል፣ ግን ከላይ ያለውን ነው እንጂ የውስጡን አያወጣም፣ በእሱ ብቻ አትተማመኚ።

በየትኛውም ሥሪው፣ ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊት ባልዲ ፈተና አድርጊ። የጨረስሽውን ተራራ ሰፊ ሳፋ ወይም በርሜል ውስጥ አግቢና ውሃ ሙዪው፣ ሦስት ቀን ይቀመጥ። ውሃውን አሽቺ። አቸቶ፣ ቀለም፣ ቤንዚን የሚመስል ነገር ካለ አልደረሰም። ላዩ ላይ ዘይት መሰል ቀለማት ከታዩ አልደረሰም። ፒኤቹ ከቧንቧው ውሃ ከተለየ ምክንያቱን ፈልጊ። ውሃውን ቀይሪና ድገሚው። አንዳንዱ ሰው አንድ ዓሣ ከትቶ ይሞክራል፤ እኔ አላደርገውም፣ አንቺም አታድርጊው። አፍንጫና የፒኤች ወረቀት ይበቃል።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። የቧንቧ ውሃው ክሎሪን አለበት፣ ስለዚህ ገንዳውን ስትሞዪ ውሃውን አንድ ሁለት ቀን በክፍት ዕቃ አስቀምጪ ወይም አየር መንፊያውን አስነሺበት። ይህን የምልሽ ከኮላው ጋር ስለሚምታታ ነው። ዓሣ ሞተ ሲባል ሰው ኮላውን ይከሳል፣ ክሎሪን ሊሆን ይችላል፣ ወይም አዲስ ገንዳ ውስጥ ውሃ የሚያጣራው ባክቴሪያ ገና ሳይራባ ዓሣ ስለበዛ ሊሆን ይችላል። ተራራውን አስገብተሽ ማጣሪያው ሲሠራ ጥቂት ሳምንት ስጪው፣ ከዚያ በሁለት በሦስት ዓሣ ጀምሪ።

ለአንቺ ሥራ አንድ ቱቦ ሲሊኮን፣ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዘው፣ በቂ ነው። ሁለት ትንሽ ሱፐር ግሉ፣ ጥቂት ጥጥ፣ የሽቦ ብሩሽ። ሲሊኮኑን ከገዛሽ በኋላ አፉን ሳትቆርጪ የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ላኪልኝ፣ ማታ ሥራ ስጨርስ አየዋለሁ። ከተሳሳተ ሳይከፈት መመለስ ትችያለሽ።